ግማሹን መንገድ በላው

«ውሃ ማመላለስ ነው እንዴ? ነዳጅ እኮ ነው!» አለች የልጅቷ እናት መቀሷን ከእጇ ሳታስቀምጥ። «ያው አንተ የምታውቀው፣ መኪና ውስጥ የሚገባው ነዳጅ። እዚሁ ስለተሠራ ነው የናቅኸው?»

«ከፋብሪካው እስከ ማደያው ለመንዳት ሹፌር አያስፈልግም» አለ አባቷ። «አህያም ታደርሰዋለች።»

«አህያዋ ማታ ማታ ቤቷ ትገባለች። አንተስ?»

ልጅቷ ሳቋ መጣ፤ ዋጥ አደረገችው። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከካርቶን በሠራችው ትንሽ ፋብሪካ ላይ ብርማ ወረቀት እያጣበቀች ነበር። ጭቅጭቁ ሲጀመር ሻዩ ገና አልፈላም፤ አሁን ቀዝቅዟል፤ የጠጣው ግን የለም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ዓይን እስኪያጥበረብር ድረስ የፀሐይ ፓነል ተነጥፏል። ከፓነሎቹ መሀል የቆመው አዲስ ፋብሪካ ከፀሐይ፣ ከውሃና ከአየር ነዳጅ ይሠራል። ቤቶቹና ወፍጮ ቤቱ ቀደም ብለው ወደ ፀሐይ ኤሌክትሪክ ዞረዋል። የቀሩት ከባድ መኪኖች ነበሩ፤ አሁን የእነሱም ተራ ደረሰ። አገሩ በመርከብ የሚመጣውን ናፍጣ ቀስ በቀስ ሊተወው ነው። አባቷ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ያንን ናፍጣ ከወደብ በቦቴ ሲያመላልስ የኖረ ሹፌር ነው። ቀጣሪዎቹ የሚቀጥለው ጭነት የመጨረሻው እንደሆነ ነግረውታል። ፋብሪካው በበኩሉ ለአዲሷ ትንሽ ቦቴ ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤቱ የሚገባ ሹፌር ይፈልጋል።

የፋብሪካውን የሥራ ቱታ የምትሰፋው እናቷ ናት። ማንም ሳያዛት በባሏ ልክ አንድ ሰፍታ በሩ ላይ ሰቅላዋለች። ሰማያዊው ቱታ እጁን አንጠልጥሎ፣ ጭቅጭቁን እንደሚሰማ ሦስተኛ ሰው ቆሟል።

«ወደብ ወደብ ትላለህ» አለች እናቷ። «ምን አለህ እዚያ? የተቀበረ ወርቅ አለህ?»

አባቷ ስፌት መኪናው ላይ የወደቀ ክር አንስቶ በጣቱ ይጠቀልል ጀመር። 

«እኔስ ልናገር?» አለች ልጅቷ።

«አለቃ ይናገሩ» አለ አባቷ ከወንበሩ ብድግ ለማለት እየቃጣው። ገና በጡጦ ሳለች ጀምሮ ስታዝ ስለኖረች በቤት ውስጥ ሌላ ስም የላትም። አለቃ ናት።

«በመጨረሻው ጉዞ ከአንተ ጋር ልሂድ። ባሕር አይቼ አላውቅም። ክፍል ውስጥ ባሕር ያላየነው እኔና አንድ ፋራ ልጅ ብቻ ነን።»

እውነቱን ለመናገር ባሕሩ ሰበብ ነበር። ጋቢና ውስጥ ለሁለት ቀን ብቻቸውን ከሆኑ፣ እናቷ በቁጣ ያልቻለችውን እሷ በልመና ትችለዋለች ብላ አስባለች።

«መንገዱ ለሴት ልጅ አይሆንም» አለ አባቷ ቶሎ ብሎ።

«ምኑ ነው የማይሆነው? አጠገቧ ያለኸው አንተ አይደለህ?» አለች እናቷ። «ትምህርት ተዘግቷል። ትሂድ። አባቷ ዕድሜውን የጨረሰበትን አገር አንድ ቀን እንኳ ትየው።»

በዚያ መሀል ደመና ፀሐይዋን ሸፈናት፤ ስፌት መኪናው ዛለና ቆመ። ጣሪያው ላይ ካለው ፓነል ጋር በቀጥታ ስለተያያዘ ፀሐይ ስትጋረድ እሱም ይደክመዋል። እናቷ በመስኮት ወደ ሰማይ ቀና ብላ «ዞር በል እንጂ አንተ!» አለች። እንዲህ ስትል ሁልጊዜ ይስቁ ነበር። ያን ቀን የሳቀ ሰው የለም።

* * *

አባቷ ከጉዞ ሲመለስ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ክላክሱን ሁለት ጊዜ አጭር አጭር አድርጎ ይነፋል። መጣሁ ማለቱ ነው። እናቷ ያን ስትሰማ ውሃ ትጥዳለች፤ ልጅቷ የግቢውን በር ለመክፈት ትወጣለች። ትንሽ ሳለች አንድ ጫማ እግሯ ላይ፣ አንድ ጫማ በእጇ ይዛ ነበር የምትሮጠው። አሁን ሰፈር እንዳይስቅባት በእርምጃ ትሄዳለች፤ ግን ፈጠን ባለ እርምጃ ነው።

ሁልጊዜ የወደብ ከረሜላ ያመጣላታል። በቀይና በአረንጓዴ ወረቀት የተጠቀለለ፣ አፍ ላይ ቶሎ የማያልቅ ዓይነት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ከረጢቱ አንድም ቀን ሙሉ ሆኖ አያውቅም። አፉ ተከፍቶ፣ እስከ ግማሹ ጎድሎ ነው የሚመጣው።

«ሌላውስ?» ትለዋለች።

«ግማሹን መንገድ በላው» ይላታል።

«መንገድ ጥርስ አለው?»

«ጎማውን የሚበላ ከረሜላ ያቅተዋል?»

እንዲህ ሲባባሉ አደገች። አሁን ከረሜላ የምትበላበት ዕድሜ አይደለም፤ ቢሆንም ጎደሎውን ከረጢት ከመሳቢያዋ አጥታው አታውቅም።

* * *

የመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነበር። ባዶው ቦቴ ከኋላ እየተንኳኳ፣ አባቷ በግራ ክንዱ መስኮቱን ተደግፎ፣ ልጅቷ እግሯን ሰብስባ መቀመጫው ላይ ተቀምጣ ተጓዙ። መስከረም ላይ በፋብሪካው ምረቃ ቀን ለእንግዶች የምታስረዳው እሷ ስለሆነች አባቷን መለማመጃ አደረገችው።

«ፀሐይዋ ኤሌክትሪክ ትሰጣለች። ኤሌክትሪኩ ውሃውን ይከፍለዋል፤ ሃይድሮጅን ይወጣል። ከአየር ላይ ደግሞ የተቃጠለውን አየር፣ ካርቦኑን እንወስዳለን። ሁለቱን ስናዋህዳቸው ነዳጅ ይሆናሉ። ገባህ?»

«ገባኝ አለቃ።»

«መኪናው ሲያቃጥለው ያ ካርቦን ተመልሶ አየር ውስጥ ይገባል። ግን መጀመሪያም ከዚያው ነው የወሰድነው። የጨመርነው ነገር የለም። ናፍጣ ግን ከመሬት ሥር ወጥቶ በላይ በላዩ ይጨምርበታል።»

አባቷ አሰብ አደረገ። «ከአየር ወስዳችሁ ለአየር ከመለሳችሁ ታዲያ ምኑ ነው ትርፉ?»

«መሄዱ ነዋ! በመሀል መኪናው ሄዷል!»

እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ይኼን ያስተማረሽ መምህር ሹፌር ነበር?» አላት። ሳቁ ሲበርድ አፏን ከፈተች፤ ቤት ውስጥ ስታጠናው የሰነበተችውን ልመና በተራ አወጣችው። ታማ ሐኪም ቤት በተኛችበት ጊዜ እናቷ ብቻዋን እንደነበረች፣ የወላጆች ቀን ሲሆን አጠገቧ ያለው ወንበር ሁልጊዜ ባዶ እንደሚሆን፣ ቧንቧው መንጠባጠብ ከጀመረ ስንት ጊዜ እንደሆነው ነገረችው። ቧንቧውን ለምን እንዳነሳችው አታውቅም። ድምጿ የተሰበረው ግን እሱ ላይ ስትደርስ ነው።

አባቷ መንገዱን እያየ ሰማት። «እስቲ እናያለን» አለ በመጨረሻ። የእሱ «እስቲ እናያለን» ብዙ ጊዜ «እሺ» ማለት ነው። በልቧ ዘፈነች።

በማግስቱ ወደ ወደቡ ሲቃረቡ አየሩ ጨው ጨው፣ ናፍጣ ናፍጣ አለ። አባቷ ጨዋታውን ተወ። ልጅቷ ደክሞት ይሆናል አለች። የከተማው ዳር ጀመረ፤ ጎማ የሚጠግኑ ሰዎች፣ ኖራ የተቀባ ረጅም አጥር፣ ከአጥሩ ቀጥሎ መታጠፊያ። አባቷ ማርሽ ቀነሰ። ቀኝ እጁ ከማርሹ ተነሣ፤ እንደ ሁልጊዜው፣ ማንም ሳያዘው፣ ክላክሱን ሁለት ጊዜ አጭር አጭር አድርጎ ነፋ።

ልጅቷ ሳቀች። «አባዬ! ገና ቤት አልደረስንም እኮ!»

አባቷ አልሳቀም። እጁን የሌላ ሰው እጅ የሆነ ይመስል አየው።

ከመንገዱ ዳር አንድ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር በኃይል ተከፈተ። ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ወጣ። አንድ ጫማ እግሩ ላይ፣ አንድ ጫማ በእጁ ነበር።

«አባዬ! አባዬ መጣ!»

መኪናው አልቆመም። አባቷ ፍሬኑን ሊረግጥ እግሩን ሲያነሣ አይታለች፤ ግን ነዳጁን ረገጠ። ልጁ ጋቢናው ውስጥ ያለችውን ልጅ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ደግሞ ሮጠ። በስፖኪዮው ውስጥ አቧራ ለብሶ፣ ጫማውን እንዳንጠለጠለ፣ እያነሰ እያነሰ ሄደ። ከዚያ ቆመ። ከጭንቅላቱ ገንጠል ያሉ ሰፋፊ ጆሮዎች ነበሩት። ልጅቷ ሳታስበው እጇን ሰዳ ፀጉሯን ወደ ጆሮዋ ጎተተች።

* * *

ናፍጣው በወፍራም ጎማ ቱቦ ሲሞላ አባቷ ደረጃው ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያይ ነበር። ባሕሩ ፊት ለፊቷ ነው። በኋላ ላይ ምን ዓይነት መልክ እንደነበረው ለማስታወስ ሞክራ አቅቷታል።

«የማን ልጅ ነው?» አለች፤ እያወቀችው።

«የኔ።»

ከዚያ ወዲያ ብዙ ተናገረ። ስለ ብቸኝነት ተናገረ፤ መኪና ተበላሽቶበት ወደቡ ላይ ስለከረመበት ክረምት ተናገረ። የልጁ እናት ሌላ ቤት እንዳለው ታውቃለች፤ ልጁ ግን አያውቅም። ሁሌም ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ሲል ነገ እየራቀ ሄደ። ልጅቷ ግማሹን እንኳ አልሰማችውም። በልቧ የሚመላለሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ከረሜላውን…» አለች።

«ምን?»

«ግማሹን የሚበላው እሱ ነው?»

አባቷ ጓንቱን አውልቆ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲያለቅስ አይታው አታውቅም ነበር። እሷ አላለቀሰችም፤ ያን ሁሉ ዓመት «መንገድ በላው» ስትባል ስትስቅ የኖረችው ትንሿ ልጅ አሳዘነቻት።

ወደቡ ላይ አድረው በማግስቱ ሲመለሱ ልጁን በሩ አጠገብ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኙት። በዚህ ጊዜ ሁለቱንም ጫማ አድርጓል፤ ማሰሪያው ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ፀጉሩ ተበጥሯል። ትናንት ያልቆመለት ጫማውን ይዞ ስለወጣ ይሆናል ብሎ ያሰበ ይመስል ነበር። መኪናውን ሲያይ ተነሣ።

አባቷ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ፊት ለፊት እያየ አለፈ። ክላክስ አልነፋም። ልጁ እጁን እስከ ደረቱ ድረስ አነሣ፤ ከዚያ በላይ አላነሣውም። ያየው እሷን ነበር። ልጅቷ ጉልበቷን አየች።

ብዙ ከሄዱ በኋላ አባቷ ተናገረ። «ሥራውን እገባለሁ። አንቺ እንዳልሽው ማታ ማታ ቤቴ። ያኛው ነገር አብቅቷል።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ለእናትሽ ግን… ብትሰማው ምን ይጠቅማታል?»

ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

* * *

«ባሕሩ እንዴት ነው?» አለች እናቷ።

«ትልቅ ነው።»

«በቃ? ይኼን ሁሉ ተጉዘሽ ትልቅ ነው? ትልቅ መሆኑንማ እኔም አልጠፋኝም!»

አባቷ ከበሩ ላይ ቱታውን አንሥቶ ለበሰ። እናቷ መርፌ በከንፈሯ ይዛ እንደ ልጅ አዟዟረችው፤ ትከሻውን ሳበች፣ ክንዱን ለካች። ልክክ አለ። «ዓይኔ ሜትር ነው» አለች በመርፌዎቹ መሀል። ያን ዕለት እስኪመሽ አንጎራጎረች።

ልጅቷ የለመነችው ሁሉ ተሰጣት። አባቷ ማታ ማታ እራት ላይ አለ። ፋብሪካው ገና በሙከራ ላይ ስለሆነ በጊዜ ይገባል። ቧንቧውን ሠራው። የሒሳብ የቤት ሥራዋን እያየ «በእኛ ጊዜ ይኼ ፊደል ቁጥር መሀል አይገባም ነበር» እያለ ያስቃቸዋል። አንድ ቀን ከሰፈር ሱቅ ያንኑ ዓይነት ከረሜላ ገዝቶ መጣና ፊቷ አስቀመጠው። ከረጢቱ አልተከፈተም። ሙሉ ነበር።

«ዛሬ መንገዱ ጾመ» አለ፤ ሊያስቃት ፈልጎ።

አመስግና መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። አልከፈተችውም።

ከዋናው መንገድ የከባድ መኪና ክላክስ በተሰማ ቁጥር አባቷ ራሱን ቀና ያደርጋል፤ ከዚያ ተመልሶ ሳህኑን ያያል። እናቷ ይኼን አላስተዋለችም፤ ወይም አስተውላ፣ ለመንገዱ ናፍቆት ነው፣ ይለምደዋል ብላለች። ልጅቷ ግን እሱ ቀና ባለ ቁጥር አብራ ቀና ትላለች። ሁለት ጫማ ያደረገው ልጅ ይታያታል። ደስ ብሏት የተቀመጠችበት ወንበር የእሱ መስሎ ይሰማታል። እናቷ ስታንጎራጉር ደግሞ ከወንበሩ ብድግ ብላ መውጣት ያምራታል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷን ግቢው ውስጥ አገኘችው።

«ንገራት» አለችው፤ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም።

«አለቃ…»

«አለቃ አትበለኝ። ፊቷን ማየት አልቻልኩም። ምን ሆንሽ ትለኛለች፣ ምንም እላታለሁ። ውሸቱ ያንተ ነው፤ የምዋሸው ግን እኔ ሆንኩ። ልጅህ ነኝ እንጂ መጋዘንህ አይደለሁም። ዛሬ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ።»

አባቷ ወደ ቤት ገባ።

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከውስጥ ስፌት መኪናው ይሰማል፤ ከመኪናው በታች የአባቷ ድምፅ፣ ቃሉ የማይለይ። ድንገት መኪናው ቆመ። ልጅቷ እንደ ልማዷ ወደ ሰማይ አየች። አንድም ደመና አልነበረም።

ጩኸት ጠበቀች። አልመጣም። ዞር ስትል እናቷን በሩ ላይ ቆማ፣ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ሜትር በሁለት እጇ ይዛ አገኘቻት።

«አይተሽዋል?»

«አዎ።»

«ስንት ዓመት ይሆነዋል?»

«እንጃ። ስድስት።»

«ማንን ይመስላል?»

ልጅቷ ፀጉሯን ከጆሮዋ ላይ ገለል አደረገች። እናቷ ያንን የምታውቀውን፣ ከባሏ የወረደውን ሰፊ ጆሮ አየች፤ አንድ ጊዜ ራሷን ነቀነቀችና ተመልሳ ገባች። ስፌት መኪናው እንደገና ተነሣ፤ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ድረስ አላቆመም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሻይ ላይ፣ እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ተናገረች። «ሂድ አልልህም። ቆይ ብዬም አልለምንህም። ልመናዬን ወፍጮ ቤቱ ጋ ጆሮዬን ተክዬ ስጠብቅህ ጨርሼዋለሁ።»

* * *

የምረቃው ቀን ሜዳው በሰው ተሞላ። ፓነሎቹ ታጥበዋል፤ ድንኳን ተተክሏል፤ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል። የሳይንስ መምህሩ የልጅቷን የካርቶን ፋብሪካ ያስቀመጡት ከዋናው በር አጠገብ፣ እንግዳ ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ ነው። ለፀሐይ ምትክ የጠረጴዛ መብራት አቁመውለታል።

አዲሷ ቦቴ በአበባ ተሸልማ ፊት ለፊት ቆማለች። መሪው ላይ የሚቀመጠው አባቷ አይደለም። እሱ ሥራውን ትቷል፤ የተረከበው «ድንች» የሚሉት ወፍራም አጭር ሹፌር ነው። ሌላ ቱታ ስላልደረሰ የአባቷን ለብሷል፤ እጅጌው ጣቱን አልፎ፣ ሱሪው ጫማው ላይ ተከምሯል። እናቷ ሰው እያየ ተንበርክካ የሱሪውን እግር ታጥፍለታለች።

«ቁም እንጂ! እንደ ሕፃን አትወዛወዝ!»

«እትዬ፣ መርፌው ወጋኝ እኮ!»

«ገና ምኑን ተወጋህ!»

አጠገባቸው ያሉት ሳቁ። እናቷም ሳቀች፤ ከሳቋ ግን ፊቷን ቶሎ ወደ ጨርቁ መለሰች። ጀርባዋ ለአሮጌው ቦቴ ነበር።

አሮጌው ቦቴ ከበሩ ውጭ ባዶውን ቆሟል። ወደቡ ላይ ያሉት ባለቤቶቹ መልሱልን ብለዋል፤ ያን ዕለት የሚመልሰው አባቷ ነው። ለመመለስ ብቻ ይሁን ለመቅረት የጠየቀው ሰው የለም። ትልቁ ሻንጣው ግን ከጋቢናው መቀመጫ ኋላ እንዳለ ልጅቷ ጠዋት አይታለች።

አባቷ በሰዎቹ መሀል አልፎ ጠረጴዛዋ አጠገብ መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ አልነበረም።

«ያምራል» አለ ካርቶኑን እያየ።

«አመሰግናለሁ።»

«ስሚኝ። ቁልፉን ለሌላ ሹፌር መስጠት እችላለሁ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «አንቺ ቆይ ካልሽኝ እቀራለሁ። አንድ ቃል በይኝ።»

ያቺን አንድ ቃል ከልጅነቷ ጀምሮ አፏ ውስጥ ይዛት ኖራለች። በሩን ከፍታ የወጣች ጊዜ ሁሉ፣ በሩን ዘግታ የተመለሰች ጊዜ ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። አሁን ግን አባቷን ስታየው የሚለምናት አልመሰላትም፤ ከብዶት የኖረውን ጭነት ደግሞ በእሷ ትከሻ ላይ ሊያወርድ የመጣ ነው የመሰላት። ቆይ ብትለው እያንዳንዱ እራት የእሷ ዕዳ ይሆናል። ሂድ ብትለው ደግሞ ከመንገዱ ሌላ ጫፍ ያለው ልጅ አባቱን ያገኘው በእሷ ምጽዋት ይሆናል። ወድዳው ነበር፤ አሁንም ትወደዋለች፤ የሚያንቃትም እሱ ነው።

አጎንብሳ ከጠረጴዛው ሥር ካለው የትምህርት ቤት ቦርሳዋ የከረሜላውን ከረጢት አወጣች። አፉ አልተከፈተም። እጁ ላይ አስቀመጠችው።

«ለእሱ…?» አለ አባቷ። ጨርሶ ሊጠይቃት አልቻለም።

«ሙሉ ነው» አለች። «መንገዱ እንዳይበላው።»

አባቷ ከረጢቱን ይዞ ቆመ። ወረቀቱ በጣቶቹ መሀል ተንኮሻኮሸ። እጁን ወደ ራሷ ሰደደ፤ ፀጉሯን ሳይነካ ቀረና መለሰው።

«እንግዶች መጡልሽ!» አሉ መምህሩ ከድንኳኑ እየጠሩ። «ተዘጋጂ፣ ጎበዝ!»

ልጅቷ ወደ እንግዶቹ ዞረች። መብራቱን አበራች፤ ብርማው ወረቀት አብለጨለጨ።

«ፀሐይዋ ኤሌክትሪክ ትሰጣለች» አለች። «ኤሌክትሪኩ ውሃውን ይከፍለዋል…»

ከፊት ለፊት የአዲሷ ቦቴ ሞተር ተነሣ። ሕዝቡ ሁሉ ወደዚያ ዞሮ አጨበጨበ። አንዳንዱ ስልኩን ከፍ አድርጎ ቀረጸ። ድንች ረጅሙን እጅጌውን በመስኮት አውጥቶ አውለበለበ። በጭብጨባው ውስጥ ከበሩ ውጭ አንድ ሌላ ሞተር ተነሣ፤ ዝግ ያለ፣ የሚያስል፣ ከሺህ መኪና መሀል የምትለየው ሞተር። ልጅቷ አልዞረችም።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አሉ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ እንግዳ፤ ለመስማት ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው። «ከአየር ወስዳችሁ መልሳችሁ ለአየር ከሰጣችሁት፣ ምኑ ነው ትርፉ ልጄ?»

ልጅቷ ሽማግሌውን አየች። የሞተሩ ድምፅ ወደ ወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ እየራቀ ነበር። አባቷ ሲመጣ እንጂ ሲሄድ ክላክስ ነፍቶ አያውቅም፤ ቢሆንም ጆሮዋ ጠበቀ። ምንም የለም።

«መሄዱ ነው» አለች። «በመሀል መኪናው ሄዷል።»

ሽማግሌው ሳቁ፤ አጠገባቸው ያሉትም ሳቁ። ልጅቷ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው። ከዚያ ለሚቀጥሉት እንግዶች እንዲታይ መብራቱን ወደ ወረቀት ፓነሎቹ አቃንታ እንደገና ጀመረች።